ስለ ገለልተኛ ጣት የወጣ ደንብ

ታላላቅ ተቋማት በታላላቅ ሰዎች ይቆማሉ ይባላል። የእኛ ግን የቆመው በኮሚቴ ነው። የሰሜን ባሕር ደሴቶች እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሰባት አባላት፣ ዐሥራ አራት ቋሚ ኮሚቴዎች፣ ሦስት ጊዜያዊ ኮሚቴዎች፣ እንዲሁም ጊዜያዊዎቹ መቼ ቋሚ እንደሚሆኑ የሚያጠና አንድ ንዑስ ኮሚቴ አለው። ኳስም አለው ይባላል። እኔ ዋና ጸሐፊው ስለሆንኩ ስለ ኳሱ ብዙም አላውቅም። ቃለ ጉባኤውን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህ በታች ያለውን የምናገረውም በሙሉ ኩራትና በግማሽ ኀፍረት ነው።

ዘንድሮ የኮንፌዴሬሽኑን ዋንጫ የማስተናገድ ተራ ለእኛ ለፋሮ ደሴቶች፣ ከእኛም ውስጥ ለተወለድኩባት መንደር ለስካርቫቪክ ደረሰ። ሜዳችን በምዕራብ ተራራ፣ በምሥራቅ ባሕር ነው። ነፋሱ ከተራራው ይወርድና ሜዳውን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ከጥንት ጀምሮ መንገዱ ይኸው ነው፤ መጥተን መንገዱ ላይ ሜዳ የሠራነው እኛ ነን። ስለዚህ አልተቀየምነውም። የበግ ስጋችንን በየዳሱ ሰቅለን እስከ ገና የሚያደርቅልን እሱ ነው፤ ባለ ውለታ ጥቂት ቢያስቸግር ይቻላል። ኳስ ወደ ባሕር ሲወስድብን የሚመልስ አንድ ሰው በጀልባ እናስቀምጣለን። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ደግሞ፣ ኳሱ ነጥቡ ላይ አልቀመጥ ስለሚል፣ አንድ ተጫዋች በሆዱ ተኝቶ እስኪመታ ድረስ በአመልካች ጣቱ ይይዘዋል።

ያ ተጫዋች ሄርገይር ነው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ይገፍፋል። በቡድናችን መዝገብ ላይ ሦስተኛ ግብ ጠባቂ ተብሎ ከተጻፈ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ቀን ግብ ሲጠብቅ ያየው የለም። የሚጠራው ለጣቱ ነው። አሠልጣኞች መጥተው ሄደዋል፣ ጣቱ ግን እንዳለች አለች። ኳሷን ሲይዛት አትንቀጠቀጥም፤ መቺው እግሩን ሲያሳርፍባት ደግሞ ጣቱ የለችም። እንዴት እንደሚያደርገው ቢጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል።

እናቱ እማማ ማሊና ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። የማእድ ቤታቸው መስኮት ከባሕሩ በኩል ካለው ግብ ትይዩ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ለእሳቸው የተበተነ የሱፍ ክር ናቸው፤ ማን ማን እንደሆነ አይለዩም። አንዱን ብቻ ይለያሉ።

"የሚተኛው የኔ ነው" ይላሉ።

በሚያዝያ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ክቡር አቶ ብሪንክማን ሜዳውን ሊገመግሙ መጡ። ክቡርነታቸው የመጡበት አገር ከፍተኛው ተራራ የመኪና ድልድይ ነው። እዚያ ነፋስ ወፍጮ እንዲያዞር ይታዘዛል፣ ያዞራልም፤ ሥርዓት ያለው አገር ነው። በክብራቸው የወዳጅነት ጨዋታ አዘጋጀን፤ በጨዋታውም ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ሄርገይር እየሮጠ ገብቶ ተኛ።

"ያ ሰውዬ ተጎድቷል?" አሉኝ ፕሬዚዳንቱ።

"ኧረ ደህና ነው፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው የተኛው?"

"ኳሱን ይዞ ነው።"

"ኳሱ ምን እንዳይሆን?"

"እንዳይሄድ።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ኖርዌይ።"

ፕሬዚዳንቱ ደብተራቸውን አውጥተው "ኖርዌይ" ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ያን ጊዜ ነገር እንደመጣ ገባኝ። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ያለችው ሴት ዛሬ ብትኖር ኖሮ የአንዱ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ አድርገን በመረጥናት ነበር።

ኮሚቴዎቹ በተከታታይ አራት ጊዜ ተሰበሰቡ፤ አራቱንም ጊዜ ነፋስ በማይገባበት ሆቴል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ የተመገብነው ሳልሞን እስከ ሦስተኛው ድረስ መወያያ ነበር። የሕክምና ኮሚቴው ጣት የእጅ አካል መሆኑን በአብላጫ ድምፅ አረጋገጠ፤ ሁለት ሰዎች ተቃውመዋል። የሕግ ኮሚቴው፣ ጣት እጅ ከሆነ በደሴቶቹ እስከ ዛሬ የተመታ ፍጹም ቅጣት ምት ሁሉ በእጅ የተነካ ኳስ ነው ሲል ደነገጠ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ግን ከሁሉም ጠልቆ ሄደ። ጣት የሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ወገን አለው፤ ስለዚህ እስካሁን ኳሱን የያዘችው ወገንተኛ ጣት ነበረች አለ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በየቀኑ አይሰማም።

ከአንዲት ትንሽ ደሴት የተወከሉ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

"ሰውዬው ዝም ብሎ ቢይዘውስ?" አሉ። "ሲይዘው ኖሯል። ማን ከሰሰ?"

"ጥያቄዎ በጣም ጠቃሚ ነው" አሉ ፕሬዚዳንቱ።

እንደ ጠቃሚነቱም ለሚቀጥለው ጉባኤ እንዲተላለፍ ተወሰነ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሄርገይርን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እናቱን በስማቸው ሳይሆን እማማ እያልኩ ነው ያደግኩት። አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? ግን ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ሳልሞኔን በላሁና ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ።

እንዲህ አርባ አንድ አንቀጽ ያለው ደንብ ወጣ። አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ ኳሱን የሚይዘው ከሁለቱም ቡድኖች ያልሆነ፣ ኮንፌዴሬሽኑ አሠልጥኖ የሾመው ገለልተኛ ጣት ነው፤ ገለልተኛው ጣት በሦስተኛው ምልክት ይነሣል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መቺው መንደርደር የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። በአንቀጽ ዐሥር ግብ ጠባቂው ኳሱ ሳይመታ ንቅንቅ አይልም። አንቀጽ ዐሥራ ሰባት ባጅ የሌለው ጀልባ በሜዳው አካባቢ እንዳይንሳፈፍ ይከለክላል፤ የኳስ ጀልባችንም ለራሷ የሚሆን ፎቶግራፍ ማቅረብ ስላልቻለች ባጅ ተከለከለችና ወደ ደረቅ ተሳበች። አንቀጽ ሠላሳ አንድ ደግሞ ከኮንፌዴሬሽኑ ሹማምንት ተግባር የሚገኝ ማናቸውም ውጤት የኮንፌዴሬሽኑ ንብረት ነው ይላል። ይህኛው ስለ ፎቶግራፍና ስለ ቴሌቪዥን ታስቦ የተጻፈ ነው፤ እንዲያ ብለን ጽፈን ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።

ሥልጠናው ለሁሉም ክፍት ነው ስለተባለ ሄርገይር ከፋብሪካው የሦስት ሳምንት ዕረፍት ጠይቆ ወደ ፕሬዚዳንቱ አገር ሄደ። በሕይወቱ ከደሴቶቹ የወጣው ለጨዋታ ብቻ ነበር፤ ለትምህርት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሸሚዙን እናቱ ተኮሱለት። ሲመለስ ወደብ ላይ ጠበቅኩት።

"እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ወደቅኩ።"

"ኧረ ተው። ስንት አመጣህ?"

"ከመቶ ዐሥራ አንድ። ስሜን በመጻፌ ነው እሱም።"

"ምን ቢጠይቁህ ነው?"

"ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ነው። ምንጣፍ አለው። ኳሷ ቁጭ ብላለች፣ ማንም ሳይይዛት። እዚያ ላይ ተኝተህ ያዝ አሉኝ። ያዝኩ። ጣት የሚነሣው መቼ ነው አሉኝ።"

"እሺ፣ ምን አልክ?"

"ሲመታ ነዋ አልኩ። የለም፣ ከመመታቱ በፊት ነው አሉኝ። ታዲያ ኳሱስ? አልኳቸው።"

"እነሱስ?"

"ኳሱ በፈተናው አልተካተተም አሉኝ።"

ሻንጣውን አንሥቶ ጥቂት ሄደና ቆመ።

"እማዬን ምን ልበላት?" አለኝ። "ሌላ ሰው ሲተኛ ብታይ እኔ ነኝ ብላ ነው የምታጨበጭበው። ለማታውቀው ሰው ታጨብጭብ?"

እኔም የመርከቡን ደረሰኝ እንዲያስቀምጥ ነገርኩት። ጸሐፊ እንጂ ሰው ለመሆን ጊዜ አላገኘሁም ነበር። አሠልጣኙም በሳምንቱ ዝርዝሩን ሲያወጣ የሄርገይር ስም አልነበረም። ጣቱ ካልተፈለገች ሦስተኛ ግብ ጠባቂው ለምን ይፈለጋል? አሠልጣኙ ይህን ሲነግረው መሬት መሬት እያየ ነበር፤ ሄርገይር ደግሞ "ግድ የለም፣ ይገባኛል" ብሎ አጽናናው።

ውድድሩ ተጀመረ። የሰማይ ነገር ሆኖ ቡድናችን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ዋዜማ እማማ ማሊና በራቸው ላይ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ አንተ እዚያ ያለህ ትልቅ ሰው ነህ አሉ" አሉኝ። "የኔ ልጅ በዚህ ውድድር ሲተኛ አላየሁትም። አሞታል እንዴ? እሱ አይነግረኝም።"

"ደህና ነው፣ እማማ። እስካሁን ፔናሊቲ ስላልተሰጠ ነው።"

"ነገስ ይተኛል?"

"እንደ ሁኔታው ነው" አልኳቸው።

ኮንፌዴሬሽኑ ለጋዜጠኞች የሚመልሰው መልስ ነው። ለእሳቸው መስጠቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ፍጻሜው ተጀመረ። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ከተራራው ይወርድ ነበር፤ በጎቹ ወደ ድንጋይ ካቡ ተጠግተዋል። ተጋጣሚዎቻችን ከደቡብ የመጡ ደሴተኞች ናቸው፤ ጎበዞች ናቸው፣ እኛም በዚያ ቀን ጎበዞች ነበርን። ሰማንያ ስምንት ደቂቃ ያለ ግብ ሄደ። ከዚያ አጥቂያችን ብራንዱር በባሕሩ በኩል ባለው የግብ ክልል ውስጥ ተጠለፈና ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ፍጹም ቅጣት ምት። ስካርቫቪክ እንዲህ ጮኻ አታውቅም።

ወደ መስኮቱ ቀና አልኩ። እማማ ማሊና መጋረጃውን ወደ ጎን አድርገው ቆመዋል።

ገለልተኛው ጣት አቶ ሩትገር ይባላሉ። በሥልጠናው ዘጠና ስምንት ያመጡ፣ ነጭ ጓንት የለበሱ፣ በጥናት የበሰሉ ሰው ናቸው። ጓንቷ ላይ የኮንፌዴሬሽኑ አርማ አለ። በክብር ገቡ፣ በክብር ተኙ፣ ኳሱን ያዙ። ዳኛው አንድ ጊዜ ምልክት ሰጠ፣ ሁለተኛ ሰጠ፣ ሦስተኛ ሰጠ። አቶ ሩትገር ጣታቸውን አነሡ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

ኳሱም ሄደ።

መለሱት። እንደገና ተኙ፣ አነሡ፣ ቆሙ፣ ሄዱ። ኳሱ ፊሽካ ሳይነፋ እንደገና ሄደ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከደቡብ የመጡት ደጋፊዎች ሳይቀሩ "ሰውዬውን ጥሩት" ይሉ ጀመር፤ ሰውዬው ግን ከካቡ ኋላ ከበጎቹ ጋር ቆሞ እጁን ኪሱ ከትቷል። ብራንዱር ወደ ዳኛው ሄደ።

"አንተ ሰው፣ ሄርገይር እዚያ ቆሟል። በአንድ ደቂቃ እንጨርሰው።"

"ባጅ አለው?"

"ጣት አለው።"

"አንቀጽ ዘጠኝ" አለ ዳኛው። እሱም የቤተሰብ ኃላፊ ነው፤ አልፈርድበትም።

በአምስተኛው ጊዜ ነፋሱ የታከተው ይመስል ጠንከር ብሎ መጣ። አቶ ሩትገር ሦስተኛውን እርምጃ ሲያሳርፉ ዳኛው "ምታ" ብሎ ፊሽካውን ነፋ፤ ብራንዱር ገና ሲንደረደር ኳሱ ቀድሞት ተነሣ። ወደ ግቡ፣ በዝግታ፣ እንደ ምሳ ሰዓት ሠራተኛ ሄደ። ግብ ጠባቂው ያየዋል። ኳሱ አልተመታምና በአንቀጽ ዐሥር መንቀሳቀስ አይችልም። እየመጣ አየው፣ ባጠገቡ ሲያልፍ አየው፣ አንገቱን ብቻ አዙሮ መረቡ ውስጥ ሲገባ አየው። አንገት በደንቡ አልተጠቀሰም።

ጨዋታው ቆሞ የሕግ ኮሚቴው እዚያው ሜዳ ዳር ተሰበሰበ። ፊሽካ ተነፍቷል፣ ኳሱ ገብቷል፣ ግብ ነው። የማን ግብ ነው? ብራንዱር አልነካውም። ነፋስ በአባልነት አልተመዘገበም። ለመጨረሻ ጊዜ የነካው የኮንፌዴሬሽኑ ሹም የአቶ ሩትገር ጣት ነው። አንቀጽ ሠላሳ አንድ ተነበበ፤ አንድ ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በድምፅ ማጉያ። ቀሪዋ ደቂቃ ያለ ግብ አለቀችና ውጤቱ ይፋ ሆነ፦ ፋሮ ዜሮ፣ ደቡብ ዜሮ፣ ኮንፌዴሬሽን አንድ።

በእግር ኳስ ታሪክ አዘጋጅ ሆኖ ዋንጫ የበላ ብዙ አለ። ሳይሰለፍ ያሸነፈ ግን የእኛ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ብራንዱር ማልያውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ የተቃራኒው ግብ ጠባቂ አጠገቡ ተቀምጦ ውኃ ሰጠው።

የሽልማት ጠረጴዛው በባሕሩ በኩል ቀርቦ፣ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ፣ ዋንጫው ላዩ ተቀምጧል። ዋንጫውን የግዢ ኮሚቴው ነው የመረጠው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ይሆናል፣ ክብደቱ የባዶ ባልዲ ነው። ፕሬዚዳንቱ ንግግራቸውን ሲጀምሩ ዋንጫው ወደቀ። አቆሙት። ወደቀ። ፎቶ አንሺው ተስፋ ቆርጦ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። አቶ ሩትገር እንዲይዙት ቢጠየቁ ሹመታቸው ለኳስ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ክቡርነታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ያ ይዞ የሚተኛው ሰውዬ አሁንም አለ?"

"አለ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት። ባጅ ግን የለውም።"

"ጠረጴዛው ሥር ይሁን። በልብሱ ይሸፈናል፣ ማንም አያየውም።"

ወደ ካቡ ሄጄ ለሄርገይር ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝም ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰበና "በየት በኩል ነው የምተኛው?" አለኝ።

"በፈለግከው።"

"በባሕሩ በኩል ይሁን። እግሬ ወደ ውጭ።"

ገብቶ ተኛ። ክንዱን በጠረጴዛው ጠርዝ ጀርባ ሽቅብ አድርጎ ጣቱን ከዋንጫው እግር አስደገፈ። ዋንጫው ቀጥ አለ፤ ነፋሱ ቢመጣ ቢሄድ አልተነቃነቀም። በመስኮቱ በኩል ቀና ስል እማማ ማሊና ሁለት እጃቸውን አንሥተው ያጨበጭባሉ። የሚተኛውን አይተውታል።

"ይህ ዋንጫ" አሉ ፕሬዚዳንቱ፣ "የጸና ተቋም ፍሬ ነው። አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው ያቆመው አይደለም። የቆመው በደንብ ነው። በአንደኛ ደረጃ በደንብ፣ በሁለተኛ ደረጃ በደንብ፣ በሦስተኛ ደረጃም በደንብ።"

እያንዳንዱን ሲሉ ጣታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ሄርገይር ጣቱን አነሣ። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያም ሕዝቡ ሁሉ እያየው፣ ረጋ ብሎ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ዋንጫው ዘንበል አለ፣ ከጠረጴዛው ወረደ፣ ሣሩ ላይ እየተንከባለለ ቁልቁለቱን ይዞ ባሕር ገባ። ባዶ ስለሆነ አልሰጠመም። ፕሬዚዳንቱ ወደ ባሕሩ እየሮጡ "ጀልባ! ጀልባ የለም?" አሉ።

"ባጅ ከልክለናታል" አልኳቸው።

ወደ ሄርገይር ዞሩ። ፊታቸው ቀልቷል።

"ምን ማድረግዎ ነው?"

"አንቀጽ ዘጠኝ" አለ ሄርገይር። "በሦስተኛው ምልክት ይነሣል፣ ይቆማል፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ።"

"ዋንጫውስ?"

"ዋንጫው በፈተናው አልተካተተም።"

በማግስቱ እማማ ማሊና ዘንድ ሄጄ ነበር። ደረቅ ስጋ ቆርጠው ሰጡኝና "ልጄ ትላንት ዘግይቶ ነው የተኛው" አሉኝ። "አነሣሡ ግን እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።"

ዋንጫው የት እንደደረሰ እንዲገለጽላቸው ስድስት አባል ማኅበራት ጽፈዋል፤ ጉዳዩን የሚከታተል ኮሚቴም ተቋቁሟል። እኔ ግን ኮሚቴው እስኪሰበሰብ አልጠበቅኩም። በሃያ ዓመት አገልግሎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳላማክር፣ ማኅተም አድርጌ፣ ለስድስቱም አንድ ዓይነት መልስ ላክሁ፦ "ወደ ኖርዌይ።"